በየጋቱ አንድ ሚስማር

መስከረም 9

ይድረስ ለወንድሜ ለሸጋው፣

እኔ ደህና ነኝ። አንተም ደህና እንደሆንክ ከጽሕፈትህ አወቅኩ፤ ስትታመም ፊደልህ ወደ ግራ ይጋደማል። ደብዳቤህ ከደረሰኝ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል፣ ይቅርታህን። ስልኩ ያለው አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ ነው። እሱ ጆሮውን አቁሞ እያዳመጠኝ የቤት ወሬ ማውራት አልሆነልኝም፤ እንደ ድሮው በወረቀት እንቀጥል።

አዎ፣ በትክክል ነው ያየኸው። ሥዕሉ ላይ ሰያፍ እንጨት የለም። ረስቼው አይደለም። አንተ ግን "እህቴ አንቀላፍታ ነው የሣለችው" ብለህ ለዝምታው፣ ለአባዬ የድሮ ረዳት፣ እንዳወራህ ስለማውቅ ለሁለታችሁም ልመልስ። በድሮው አሠራር ግድግዳውን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ሰያፉ እንጨት ነው፤ የሲሚንቶ ቦርዱ ከላይ የሚለበስ ልብስ ነው። እነዚህ ስድስት ቤቶች ላይ ግን ቦርዱ ልብስም አጥንትም ነው። የክብሪት ቀፎ አንሣና መሳቢያውን አውጣው። ማዕዘኑን በጣትህ ጫን ብትለው ይጋደማል። የእንጨት ክፈፍም እንዲሁ ነው፤ የፈለገውን ያህል ቢወፍር ነፋስ ከጎን ሲገፋው ይጋደማል። ቦርዱ በአራቱም ጠርዙ ተይዞ ሲቆም ነው ማዕዘኑ ንቅንቅ የማይለው።

"ተይዞ" ያልኩትን አስምርበት። ቦርዱ ከታችኛው አግዳሚ እስከ ላይኛው አግዳሚ አንድ ወጥ ይሁን። ጠርዙ ሁሉ እንጨት ላይ ይረፍ። በጠርዙ ዙሪያ በየጋቱ አንድ ሚስማር፣ በመሀሉ በየስንዝሩ። የሚስማሩን ርዝመት ሥዕሉ ጥግ ላይ ጽፌልሃለሁ።

እማዬ እንዴት ናት? የአባዬን የእንጨት ሥራ ቤት ቦታ ለቅቀን በለውጡ ስድስተኛውን ቤት እንውሰድ ስላት ለሦስት ቀን እንዳላናገረችኝ አልረሳሁም። ቤቱ ሲያልቅ ትታረቀኛለች። በእኔ ፊርማ የወጣ የመጀመሪያው ሥዕል ነው፣ ውስጡ የምትኖረው ደግሞ እሷ ናት፤ እንግዲህ እጅህን አደራ።

እህትህ

ጥቅምት 2

እታለም፣ እንደምን አለሽልኝ?

የክብሪት ቀፎውን ሞከርነው። ዝምታው መሳቢያውን አወጣና በአውራ ጣቱ ጫን አለው፣ ተጋደመ። ከዚያ ቁራጭ ወረቀት በሙጫ ለጥፎበት እንደገና ጫነው፣ አልተጋደመም። ቀና ብሎ "ልጅቷ ልክ ናት" አለ። ይህ ሰው ከአባዬ ጋር ሃያ ዓመት ሲሠራ ከዚህ የረዘመ ነገር ሲናገር ሰምተን ስለማናውቅ እንደ ሽልማት ቁጠሪው።

የእማዬን መድኃኒት በተመለከተ፣ በፊቴ ትውጠዋለች፤ ዞር ስል ምን እንደምታደርገው አላውቅም። ሐኪሙ የደም ግፊቷ እንዳይነሣ አታስደንግጧት ብሏል። በየቀኑ ሥራው ቦታ እየመጣች የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ ትልና መስኮቷ በየት በኩል እንደሚወጣ ላገኘችው ሁሉ ታሳያለች። ትናንት ለማታውቀው የአሸዋ መኪና ሾፌር ስታሳይ ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። የመጀመሪያውን ቤት አንዱን ግድግዳ እንዳልሽው በየጋቱ መትተን አለበስነው። እታለም፣ ፈንጣጣ የወጣበት ፊት ነው የሚመስለው። አንድ ቦርድ ላይ ብቻ ከመቶ በላይ የሚስማር ራስ ቆጥሬያለሁ። የስድስቱ ቤቶች ባለቤት መጣ፣ ያ ክረምት ከበጋ ጃንጥላ የማይለየው። ጃንጥላውን አጥፎ በጫፉ ግድግዳውን እየነካካ "ይህን ነው ለሰው የማሳየው?" አለኝ። ተናደድኩ፣ ግን አፈርኩም። አባዬ ሚስማሩ የሚታይ ወንበር ሲያይ "ይሄ ሱሪውን አልታጠቀም" ይል እንደነበር ታውቂያለሽ። አንቺስ በዚሁ ጉዳይ በርጩማሽን አፍርሶብሽ አንድ ቀን ሙሉ አልቅሰሽ የለ።

ስለዚህ የምጠይቅሽ ይህን ነው። ዝምታው የአባዬን ጣሳ አምጥቷል፣ ያንን ለቁም ሣጥን ጌጥ የምንጠቀምበትን፣ ራስ የሌለውን ቀጭን ሚስማር የያዘውን። ርዝመቱን ለካሁት፣ ሥዕልሽ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። በየጋቱ እሱን መትተን ትንሽ አስርገን፣ በስቱኮ ደፍነን በሸካራ ወረቀት ብንፈገፍገው ምንም አይታይም። ይሆናል ወይ? መልስሽ እስኪደርሰን ክፈፎቹን እያቆምን እንቆያለን።

ወንድምሽ

ጥቅምት 23

ሸጋው፣

በችኮላ ነው የምጽፍልህ፣ አትቀየመኝ። ደብዳቤህን አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ፣ የሰው ክርን ጎኔ ላይ ተሰክቶ ነው ያነበብኩት። የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ሥራ እኛ ቢሮ መጥቶ ከጠዋት እስከ ማታ ቀና ብለን አናውቅም። የክፍል ኃላፊነቱ ለእኔ ሳይሆን አይቀርም የሚል ወሬ አለ። ለእማዬ ገና አትንገራት፣ ካልሆነ መሳቂያ እሆናለሁ።

ስለ መልኩ ያነሣኸውን አየሁት። የመልክ ነገር ሲሆን እኔን አትጠይቀኝ፣ እጅህ ከእጄ ይሻላል። አባዬ ቢያየው የማያፍርበት አድርገህ ጨርሰው። በየጋቱ መሆኑን ብቻ እንዳትረሳ።

እህትህ

ታኅሣሥ 14

እታለም፣

የእማዬ ጎረቤቶች እነማን እንደሆኑ በኅዳሩ ደብዳቤሽ ጠይቀሻል። አምስቱም ቤት ሰው ገብቶበታል። ከጎኗ ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ ከሚስቱ ጋር አለ፣ ከዚያ ቀጥሎ ልብስ ሰፊዋ ከሦስት ሴት ልጆቿ ጋር። የቀሩትን ገና በስም አላወቅኳቸውም። እማዬ ግን ማን ምን እንደሚያበስል ሳይቀር ታውቃለች።

ቤቶቹን ብታያቸው ኖሮ ምን ትዪ እንደነበር እንጃ። ግድግዳው እንደ አንድ ወረቀት ነው። ሰው ቆሞ በመዳፉ እየዳበሰ ሚስማር ይፈልጋል፤ አያገኝም። እማዬ ለመጣው እንግዳ ሁሉ "አንዲት ሚስማር አግኝና ቤቱን ልስጥህ" ትላለች። ባለ ጃንጥላው ራሱ ሁለት ጊዜ ዞሮ አይቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ዝምታው ደግሞ የአባዬን ጣሳ ባዶውን አጥቦ መልሶ መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። እውነቱን ልንገርሽ፣ አባዬ ከሞተ ወዲህ በሥራዬ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ያንቺን ደብዳቤ ለዝምታው አነበብኩለት፣ "አባዬ ቢያየው የማያፍርበት" ያልሽበትን ቦታ ሁለት ጊዜ አስደገመኝ።

ሌላ ወሬ የለም። የእማዬ መኝታ ቤት በር ነከስ ያደርጋል። ነፋስ የነበረ ዕለት ማግስት ከላይ በኩል ያዘው፣ በመላጊያ ላግ አደረግኩለት። በሳምንቱ ደግሞ ከታች በኩል ያዘ። እንጨቱ እርጥብ ነበር መሰለኝ።

ወንድምሽ

ጥር 6

ሸጋው፣

ደብዳቤህን አራት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ የጥቅምቱን ደብዳቤህን ከመሳቢያ አውጥቼ አነበብኩት፣ በዚህ ጊዜ ወንበር ላይ ተቀምጬ። ራስ የሌለው ሚስማር ብለህ በግልጽ ጽፈሃል። እኔ ያየሁት "ስቱኮ" የሚለውን ብቻ ነው፤ ስለ ቀለም የምታወራ መስሎኝ አለፍኩት። ሥዕሉ ላይም የሚስማሩን ርዝመት ጻፍኩ እንጂ ስለ ራሱ አንድ ቃል አላልኩም። አናጢ ሁሉ ያውቀዋል ብዬ ነበር። የማን ልጆች እንደሆንን ረሳሁት።

ስማኝ። ቦርዱን እንጨቱ ላይ ጨምቆ የሚይዘው የሚስማሩ ራስ ነው። ራስ ከሌለው ግድግዳው በተገፋ ቁጥር ቦርዱ ከሚስማሩ ላይ እየሾለከ ይወጣል፣ ሲሚንቶ ስለሆነ ጠርዙም ይፈረካከሳል። ያኔ ግድግዳው የክብሪት ቀፎ ነው። በሩ የሚነክሰው እንጨቱ እርጥብ ሆኖ አይደለም። ቤቱ እየተጋደመ ነው።

የነፋሱ ወር ሳይገባ ስድስቱም ቤቶች በባለ ራስ ሚስማር እንደ አዲስ ይመቱ፣ በአሮጌዎቹ መሀል መሀል እየገባህ፣ በየጋቱ። እስኪያልቅ እማዬን አንተ ቤት አሳድራት። ባለቤቱንም አነጋግረው፣ ግን ለጊዜው ስሜን አታንሣ። የቢሮው ሹመት በዚህ ወር ነው የሚወሰነው። መልስህንም በቢሮ አድራሻ ሳይሆን በቤቴ ላክልኝ።

ተቆጥተህ እንደምትመልስልኝ አውቃለሁ። ተቆጣ፣ ግን መዶሻውን አንሣ።

እህትህ

ጥር 21

እህቴ ሆይ፣

እንዳልሽው ተቆጥቻለሁ። አራት ቀን ወረቀት ሳልነካ የቆየሁት ስድብ እንዳልጽፍ ነው። ጠይቄሽ ነበር። መልስሽን ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። ከዚያ አባዬን ጠርተሽ መለስሽልኝ። ሌላ ነገር ብትዪ ኖሮ ምናልባት እጠራጠር ነበር፤ በአባዬ ስትመጪብኝ ግን ምን እላለሁ።

ባለ ጃንጥላውን አነጋገርኩት፣ ስምሽንም አላነሣሁም። ሳቀብኝ። "አናጢ ደስ ስላላለው የተቀባ ግድግዳ አላስበሳም" አለኝ። ሲቆይ ግን ረጋ ብሎ፣ "ሥዕሉን የፈረመው መሐንዲስ ቤቶቹ አደጋ አለባቸው ብሎ በፊርማው ይጻፍልኝ፤ በዚያው ቀን ሰው አስወጣለሁ" አለ። ስለዚህ ነገሩ ያለው ባንቺ እጅ ነው። አንድ ገጽ፣ ከታች ፊርማሽ። አምስት ቤት ሙሉ ሰው አለ፤ የልብስ ሰፊዋ ትንሿ ልጅ ትናንት በሰላምታ እጄን ይዛ አልለቅም ብላ ነበር።

እማዬ ደግሞ ከባለ ጃንጥላው የባሰች ሆናለች። ከቤቷ አትወጣም። ሚስማር ልምታ ስላት "ሰው ሁሉ አይቶ ያደነቀውን ግድግዳ ልታበላሽብኝ ነው?" ብላ በሩን ዘጋችብኝ። እኔን አታምነኝም። ለእሷ እኔ ወንበር የምሠራ ልጅ ነኝ፤ መሐንዲሷ አንቺ ነሽ። አንቺ ጻፊላት። ሳታሽሞነሙኚ እውነቱን ንገሪያት። ያንቺን ቃል ትሰማለች።

ወንድምሽ

የካቲት 2

ወንድሜ፣

የጻፍከው ሁሉ ይገባኛል፤ አንድም ቃል አልከራከርህም።

የፈረምኩበትን ደብዳቤ ለምን አብሬ እንዳልላክሁ ትጠይቀኛለህ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከላክሁ አለቃዬ ማወቅ አለበት፣ እሱ ካወቀ ደግሞ ሹመቱ ቀርቶ ወንበሬም አይተርፍም። የሹመቱ ስብሰባ የካቲት 20 ነው። ከዚያ በኋላ ወዲያውኑ እልክልሃለሁ፣ በአባዬ ሞት። ነፋሱ ከመጋቢት በፊት ጠንክሮ አያውቅም።

ለእማዬ እንዳልከኝ ጽፌላታለሁ። ወረቀቷን ለብቻ አሽጌ አብሬ ልኬዋለሁ። ሳትከፍት ስጣት። በራሴ መንገድ ነው የጻፍኩት፤ ሐኪሙ ያለውን አንተው ነህ የነገርከኝ። ካነበበችው በኋላ ሚስማር ስትመታ አትከለክልህም፤ የእሷን ቤት ከሁሉ አስቀድመህ ምታ።

እህትህ

የካቲት 17

እታለም፣

ከረጅም ጊዜ በኋላ ደስ የሚል ነገር ልጽፍልሽ ነው፤ ቁጣዬን ለዛሬ ወደ ጎን ላድርገው።

ምን ብለሽ እንደጻፍሽላት አላውቅም። መነጽሯን አድርጋ መስኮቷ ሥር አነበበችው፣ አጣጥፋ ከሰዓቱ ሥር አስቀመጠችው፣ ከዚያ ፈገግ ብላ አየችኝ። ትደነግጣለች ብዬ ውሃ ይዤ ቆሜ ነበር። "ምታ" አለችኝ፣ "ደስ እንዲልህ ምታ።" እኔ እኮ አንቺ እንደዚህ ልብ የማረጋጋት ችሎታ እንዳለሽ አላውቅም ነበር።

ሦስት ቀን አክስታችን ዘንድ ልኬያት ዙሪያውን መታሁት። አራቱንም ግድግዳ፣ በየጋቱ፣ ባለ ራስ ሚስማር። ዝምታው ሊያግዘኝ አልፈለገም። በስንት ልፋት ደፍነን ያለሰለስነውን ግድግዳ እንደ ወንፊት ስበሳው ቆሞ አየኝና ሄደ። ስጨርስ በሩ መንከሱን ተወ። በትከሻዬ ገፋሁት፣ ቤቱ ንቅንቅ አላለም።

እማዬ ስትመለስ ደጅ ቆማ ረጅም ጊዜ አየችው። የሚስማሮቹን ራስ በጣቷ አንድ በአንድ ነካካቻቸው። "አባትህ እንኳን ሞተ" አለች። ሳቅኩ። ትስደበኝ፣ ብቻ ደህና ትተኛ። አሁን ስለ እሷ ቤት እንቅልፍሽን ተኚ፤ የቀሩት አምስቱ ናቸው። ስብሰባሽ ከሦስት ቀን በኋላ ነው። እየቆጠርኩ ነው።

ወንድምሽ

የካቲት 29

ሸጋው፣

ደብዳቤው ይኸው። ከታች የእኔ ፊርማ አለበት። ስድስቱ ቤቶች ባሁኑ ይዞታቸው ነፋስ እንደማይችሉ፣ ሥዕሉ ላይ የጎደለው ምን እንደሆነ፣ ጥፋቱ የአናጢው ሳይሆን የሣለችው የእኔ እንደሆነ ጽፌዋለሁ። የእማዬ ቤት እንደ አዲስ በትክክል መመታቱንም ጨምሬያለሁ። አንዱን ቅጂ ለአለቃዬ ሰጠሁት። ሹመቱን በ20 አገኘሁ፣ በ28 ተነጠቅሁ። ስምንት ቀን አለቃ ነበርኩ። አሁን የድሮ ሥዕሎች መዝገብ ቤት አስገብተውኛል፣ መስኮት የለውም። አታዝንልኝ፣ ቀደም ብዬ ላደርገው የሚገባኝ ነበር።

አንድ ነገር ልለምንህ። ለእማዬ የጻፍኩላትን ወረቀት ከሰዓቱ ሥር አንሥተህ ላክልኝ። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ። ቶሎ አንሣው። የነገርኳትን ስመጣ በአፌ አስተካክላለሁ። ያኔ ያሰብኩት አንተ እንደልብህ እንድትመታ እሷም እንዳትሸበር ብቻ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ደስ አላለኝም።

እህትህ

መጋቢት 20

ይድረስ ለእህቴ፣

ሦስቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። በሦስቱም እማዬ ለምን ሁለት መስመር እንኳ አትጽፍልኝም ብለሻል። ስለ እሷ ወደ መጨረሻው እነግርሻለሁ፤ አስቀድሞ ቀሪውን ልጨርስ።

የፈረምሽበት ደብዳቤ መጋቢት 5 ደረሰ። ባለ ጃንጥላው ቆሞ አነበበው፣ ፊቱ አመድ መሰለ፣ ቃሉንም ጠበቀ። በሁለት ቀን አምስቱም ቤት ባዶ ሆነ። የልብስ ሰፊዋን የስፌት መኪና እኔና የባቡር ሠራተኛው ተሸክመን አወጣን። ስድስተኛውንስ ሲለኝ፣ "እሱን እኔ ራሴ መትቼዋለሁ፣ ደብዳቤውም ላይ አለ" አልኩት። በልጆቼ ማልኩለት። ከዚያ ወዲያ ከአንደኛው ቤት ጀምሬ መምታት ያዝኩ። እማዬን ለማየት በኋላ በር እየገባሁ በኋላ በር እወጣ ነበር፤ የመንገዱን ግድግዳ ዞሬ አላየሁትም። ስለ ወረቀቱ የለመንሽኝን ሥራው ሲቀልልኝ አደርገዋለሁ ብዬ ኪሴ ውስጥ ረሳሁት። ይህ የእኔ ድርሻ ነው፣ ላንቺ አልሰጥሽም።

ነፋሱ መጋቢት 11 ከቀትር በኋላ መጣ። ሦስተኛው ቤት ልክ እንደ ክብሪት ቀፎው ተጋድሞ ወደቀ፣ ውስጡ ሰው አልነበረም። አራተኛውና አምስተኛው ዘመሙ። እኔ የመታኋቸው ሁለቱ ቆመዋል። ሰው ሁሉ ስምሽን እያነሣ ይመርቅሻል። ባለ ጃንጥላው ደብዳቤሽን በኪሱ ይዞ እየዞረ "ይህች ሴት ባትኖር" ይላል። የልብስ ሰፊዋ ልጆች ሥዕል ሥለው ልከውልሻል፣ አብሬ አድርጌዋለሁ።

የእማዬ ቤት በመንገዱ በኩል ያለው ግድግዳ ወጣ፣ ጣሪያው በዚያ በኩል ገባ። መስኮቷ ሥር ወንበሯ ላይ ነበረች። ቀበርናት። መጋቢት 13 ነው የቀበርናት። እንዲህ ያለ ነገር በደብዳቤ እንደማይነገር አውቃለሁ። ቴሌግራም ቤቱ ድረስ ሄጄ ነበር፤ ወረቀቱን ሞልቼ ቀደድኩትና ተመለስኩ። አልፈለግሁሽም። እንዳትመጪ ፈለግሁ።

ፍርስራሹን ሳነሣ የመታኋቸው ሚስማሮች በዚያ ግድግዳ ላይ የሉም። ቀዳዳው ሁሉ በስቱኮ ተደፍኖ፣ ተፈግፍጎ፣ በአዲስ ቀለም ተቀብቷል። ሥራው ያምራል። የማን እጅ እንደሆነ ሳየው አወቅኩ። ዝምታውን ቤቱ ሄጄ አገኘሁት። በጉጠት አንድ በአንድ ሁለት ቀን ሙሉ እንደነቀላቸው ነገረኝ። እምቢ ብሏት ነበር። ያንቺን ወረቀት አውጥታ አሳየችው። መሐንዲሷ ካለች ብሎ ነቀለ። አልመታሁትም፤ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ትቼው ወጣሁ።

ወረቀቱን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነበብኩት፣ ግን በቃሌ ይዤዋለሁ። "እማዬ፣ ሸጋው የሚልሽን ሰምተሽ አትሸበሪ፣ ከልጅነቱ ፈሪ ነው። ሥዕሉን የሣልኩት እኔ ነኝ፣ ቤትሽ ምንም አይሆንም። ሚስማር ልጨምር ሲልሽ ዝም ብለሽ ተዪው ይምታ፤ ለእሱ እፎይታ ነው እንጂ ለቤቱ አይደለም። አንቺ ብቻ መድኃኒትሽን ዋጪ።" ትውጠው ነበር እህቴ። የመድኃኒቱን የመጨረሻ ካርቶን ባዶውን አገኘሁት።

መርማሪዎች መጥተው ሚስማሩን ለምን እንዳስነቀለች ጠየቁኝ። መልኩን ጠልታ ይሆናል፣ ሌላ አላውቅም አልኳቸው። ዝምታው እንደሆነ ዝምታው ነው። ስለዚህ ከኛ ሌላ የሚያውቅ የለም፤ በመዝገብ ቤትሽ በሰላም ተቀመጪ።

የሬሳ ሣጥኗን የሠራሁት እኔ ነኝ። ዝምታው ሊያግዘኝ የአባዬን ጣሳ እንደገና ሞልቶ መጥቶ ነበር፣ መለስኩት። ባለ ራስ ሚስማር አምጥቼ በክዳኑ ዙሪያ መታሁ። ተሸካሚዎቹ የሚስማሩን ራስ እያዩ ይህ የማን ሥራ ነው ሲባባሉ ሰምቻቸዋለሁ። የአባዬ ልጅ ሥራ ነው ያለ አልነበረም።

ወረቀቱን ላክልኝ ብለሻል። እጇ ውስጥ አድርጌ ነው የዘጋሁት። በየጋቱ ነው የመታሁት፣ አይከፈትም።

ወንድምሽ